እንቁላል ያቆመች ዶሮ፦ ከመታረዷ በፊት

ደብረ ታቦር ላይ እንቁላል ያቆመች ዶሮ ፍርዷ ይፈጥናል። በዓል ከተቃረበማ «ጥሬ ከምትጨርስ» ይባልና ነገሩ ድስት ውስጥ ያልቃል። ሦስት ሳምንት ቢታገሷት መልሳ የምትጥል ዶሮም አብራ ትሄዳለች። ዶሮ እንቁላል የምትጥለው ለራሷ ገላ ከሚያስፈልጋት በተረፈው ነው። ሲርባት፣ ሲበርዳት፣ ሲያማት ወይም ላባዋን ስትቀይር አስቀድማ የምትተወው እንቁላሉን ነው። ስለዚህ ቢላዋው ከመሳሉ በፊት የጎደለባትን ነገር መፈለግ ያዋጣል፤ ለዚህም ሁለት እጅ፣ አንድ ባትሪና የጥቂት ቀን ትዕግሥት ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ዶሮዎ የትኛዋ ናት? የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ይህንንም በሦስት ወይም በአራት ዙር ከፋፍላ፣ በአንዱ ዙር ከ12 እስከ 15 የሚሆነውን ጥላ ታቆማለች፤ ቀጥሎ መታቀፍ ያምራታል። ጫጩት ለመፈልፈል 21 ቀን፣ ለማሳደግ ደግሞ ወራት ይወስድባታል። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ያለ እንቁላል የምታሳልፈው በተፈጥሮዋ እንጂ በስንፍና አይደለም። ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎማን ብራውን ግን በደንብ ከተያዘች በዓመት ወደ 300 ትጠጋለች፤ መታቀፍንም ከደሟ አውጥተውባታል ማለት ይቻላል። ሳሶና ኮይኮይክ በሁለቱ መካከል ናቸው። የጎረቤትን ቦቫንስ እያዩ የራስን የሐበሻ ዶሮ መውቀስ ከንቱ ነው። የፈረንጇ ዶሮ ሳምንት ሙሉ ባዶ ጎጆ ካሳየች ግን በእርግጥ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው።

አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ማቆም አይባልም። አንድ እንቁላል በሆዷ ተሠርቶ እስኪወጣ 25 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ገደማ የሚያልፈው ቅርፊቱን በማልበስ ነው። ቀኑ 24 ሰዓት ስለሆነ የመጣያ ሰዓቷ በየቀኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከሰዓት በኋላ ላይ ሲደርስ አንድ ቀን ትዘልና እንደገና ከጠዋት ትጀምራለች።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የሚያስቅ ይመስላል፦ በእርግጥ አቁማለች? ግቢ ለግቢ የምትዞር ዶሮ በጭድ ክምር ውስጥ፣ በእንጨት ቁልል ስር፣ አንዳንዴም በጎረቤት አጥር ጥግ ትጥላለች። ለሦስት ቀን እስከ ረፋዱ 5 ወይም 6 ሰዓት ድረስ ውሃና ምግብ አስቀምጠው ዘግተው ያቆዩዋት። አብዛኛው እንቁላል የሚጣለው ከቀትር በፊት ስለሆነ ምስጢሩ ይወጣል። እንቁላል ተጥሎ የሚጠፋም አለ። አይጥ፣ ሽለምጥማጥ፣ ቁራና የቤቱ ውሻ ሁሉ ተጠርጣሪ ናቸው፤ ዶሮዋ ራሷም ጭምር፤ አስኳል የደረቀበት መንቆር ካዩ ሌባው ተገኝቷል።

ጎጆዋ ላይ ተለጥፋ፣ ላባዋን አንጨፍርራ፣ እጅ ሲቀርባት የምታጉረመርምና የምትነክስ ከሆነ መታቀፍ ፈልጋለች። አገራችን ለዚህ ብዙ ዘዴ አለው፤ ዘቅዝቆ መስቀል፣ ክንፏን ማሰር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ላባ በአፍንጫዋ ማሳለፍ፣ ለጎረቤት መስጠት። ከእነዚህ ውስጥ የምቀበለው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ የሚሠራውም ጎጆዋን ከዓይኗ ስለሚያርቅ ነው። የቀሩት ሥቃይ ናቸው። በደብረ ታቦር ብርድ የተነከረች ዶሮ ደግሞ ከመታቀፍ ብትወጣ እንኳ ለሳንባ በሽታ ትጋለጣለች። ከታች አየር በሚያሳልፍ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ ምግብና ውሃ ሳይጓደልባት አራት አምስት ቀን ያቆዩዋት። ደረቷ ሲቀዘቅዝ ስሜቱ ይበርዳል፤ ወደ እንቁላል ለመመለስ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅባታል። ጫጩት ከፈለጉ ይተዋት፤ ከክረምቱ ዝናብ ይልቅ ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ ወራት ለጫጩት ይመቻል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ዶሮዋን ይያዟት። በምትጥል ዶሮ ራስ ላይ ያለው ኩክኒ ቀይና ለስላሳ ነው፤ ባቆመች ላይ ይገረጣል፣ ይኮማተራል። እንቁላል መውጫዋ ሰፊና እርጥብ ከሆነ እየጣለች ነው፤ ጠባብና ደረቅ ከሆነ አይደለም። ከመውጫው በታች ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ሹል አጥንቶች መካከል ጣትዎን ያስገቡ። ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ ሥራ ላይ ናት፤ አንድ ጣት እንኳ የሚያስጨንቅ ከሆነ አቁማለች። ደረቷን ሲዳብሱ መካከለኛው አጥንት እንደ ቢላዋ ጀርባ ከወጣ ከስታለች፤ ያኔ ጉዳዩ የምግብ፣ የትል ወይም የተባይ ነው። ሥጋዋ ደህና ሆኖ ላባዋ ከረገፈና ከቆዳዋ ሥር አዲስ እሾህ መሰል ላባ ብቅ ካለ ደግሞ ላባ እየቀየረች ነው። ላባ በአብዛኛው ፕሮቲን ነውና ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትችልም። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሊወስድባት ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ከመገብናት እንጂ ካስራብናት አትፈጥንም።

ስለ መኖ ትንሽ ላብዛ፤ የደጋው ችግር በብዛት እዚህ ነውና። በፋርጣና በጉና ግርጌ ያለ ቤት ለዶሮው የሚያቀርበው ገብስ፣ ስንዴ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የድንች ልጣጭና አተላ ነው። ይህ ሆድ ይሞላል፣ ያሞቃልም። እንቁላል ለመሥራት ግን በቂ ፕሮቲንና ኖራነት ያለው ነገር ይጎድለዋል። በየቀኑ የምትጥል የፈረንጅ ዶሮ ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ፣ በውስጡም ከመቶ 16 ወይም 17 እጅ ፕሮቲን ትፈልጋለች፤ ገብስ ብቻውን ይህን አይደርስም። ደቡብ ጎንደር የኑግ አገር ስለሆነ ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ለዚህ ጥሩ መድኃኒት ነው። ከጥሬውና ከፉርሽካው ጋር ትንሽ ትንሽ ደባልቀው ያልምዷት።

በእያንዳንዱ ቅርፊት ውስጥ ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም አለ። ጥሬ ውስጥ ከቁጥር የሚገባ ካልሲየም ስለሌለ ዶሮዋ መጀመሪያ ከአጥንቷ ትበደራለች፤ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ቀጥሎ ቅርፊት የሌለው እንቁላል ይወርዳል፣ በመጨረሻም ታቆማለች። በቤት የተጠራቀመ የእንቁላል ቅርፊት ምጣድ ላይ ቆላ አድርገው፣ የእንቁላል ቅርጽ እስኪጠፋው አድቀው፣ በተለየ ዕቃ ያስቀምጡላት። የሚበቃትን ራሷ ታነሳለች።

ውሃን ብዙዎች ይረሳሉ። እንቁላል ከአራት እጅ ሦስቱ ውሃ ነው። አንድ ቀን ሙሉ የተጠማች ዶሮ ለቀናት እንቁላል ልትተው ትችላለች። ከፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ገበያ ተገዝታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ደብረ ታቦር የወጣች ቄብም እንዲሁ ናት። መንገዱ፣ አዲሱ ግቢና ብርዱ ተደማምረው አንድ ሁለት ሳምንት ያስቆሟታል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ማታ ቆጥ ላይ ከመውጣቷ በፊት የሚሰጣት አንድ እፍኝ ጥሬ ሌሊቱን ያሞቃታል።

የውጭ አገር መጻሕፍት የመጀመሪያ ጥፋተኛ የሚያደርጉት የብርሃን ማነስን ነው። ለለንደን ሰው ምክሩ ትክክል ነው፤ እዚያ በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት ይበልጣል፣ በታኅሣሥ ከ8 ሰዓት ያንሳል። ደብረ ታቦር ላይ ግን በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ስለዚህ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት በሩን ይመልከቱ። መስኮት በሌለው ማደሪያ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት የምትዘጋ ዶሮ ብርሃን ያጣችው በፀሐይ ሳይሆን በእኛ ነው።

ባትሪው የሚያስፈልገው ለሌሊት ነው። ቀን በግድግዳ ስንጥቅና በቆጥ ሥር ተደብቃ ሌሊት ወጥታ ደም የምትመጥ ቀይ ጥቃቅን ተባይ አለች፤ በጨለማ ቆጡን ከሥር ሲያበሩበት ትታያለች። ቆጡን አውጥቶ በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ስንጥቁን መድፈን፣ ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድ ማዘጋጀት ይረዳል። ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ ግን ዶሮ ላይ አይርጩ፤ በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆችዎ ይመለሳል።

ሁሉም ዶሮዎች በአንድ ሰሞን ካቆሙና አረንጓዴ ቅዘን፣ የአንገት መጠምዘዝ ወይም ድንገተኛ ሞት ከታየ ጉዳዩ ፈንግል ሊሆን ይችላል። ከሞት የተረፉትም ለሳምንታት አይጥሉም፤ ሲጀምሩ እንቁላላቸው የተንሻፈፈ ወይም ልፍስፍስ ይሆናል። ቴትራሳይክሊን፣ ሎሚ፣ አረቄ የሚሰጡ አሉ፤ በሽታው ቫይረስ ስለሆነ አንዳቸውም አያድኑም። የሚጠቅመው አስቀድሞ መከተብ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ክትባቱ ይመረታል፤ በዓይን ጠብታ የሚሰጥና ሙቀትን የሚቋቋም ዓይነትም አለው። የቀበሌዎን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠይቁ፤ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር ተሰባስቦ ማስከተብ ይረክሳል። ለበዓል ከገበያ የመጣች ዶሮ ደግሞ ከቤቱ ዶሮዎች ሳትቀላቀል ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

ዕድሜ የመጨረሻው ምክንያት ነው። ሁለት ዓመት ያለፋት ቦቫንስ ፍተሻውን ሁሉ አልፋም እንቁላሏ ከሳሳ፣ ሊሸጧት ካሰቡ ጊዜውን ያስሉ። ከሁዳዴ መግቢያ እስከ ፋሲካ ባሉት 55 ቀናት በቀን 110 ግራም ብትበላ 6 ኪሎ ያህል መኖ ትጨርሳለች፤ ቅበላ ላይ መሸጧ ይሻላል። የሐበሻዋን ግን በእንቁላል ቁጥር ብቻ አይመዝኗት። ከ12 እንቁላል 10 ፈልፍላ፣ ጫጩቶቿን ከጭልፊት ጠብቃ የምታሳድግ እናት ከተገኘች፣ በየዙሩ መካከል ለወራት ብታርፍም ለሽያጭ አትቅረብ።