ስለ ከሙን፤ ትንሹን ጠብቀን ትልቁን እንዳንተው

አንባቢ ሆይ፤ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በኮልፌ ቀራንዮ ገበያ ስታልፍ፥ ቅመም የምትሸጥ ሴት ከሙን በእፍኝዋ አንሥታ ወደ ሚዛን ስትጨምር አይተህ ይሆናል። ሻጭዋም ገዢውም ዓይናቸውን ከሚዛኑ አያነሡም። ዘሩ ትንሽ ነው፤ ትጋቱ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ትንሽ ዘር ቅዱስ መጽሐፍ የሚያስተምረንን እንመርምር።

ከሙን በዕብራይስጥ ካሞን፥ በዐረብ ከሙን፥ በግሪክ ኪሚኖን ይባላል፤ እኛም ስሙን እንደነርሱ ይዘናል። ከጥቁር አዝሙድና ከነጭ አዝሙድ ጋር ግን አንድ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስም ከሙንንና ጥቁር አዝሙድን ለይቶ ይጠራቸዋል።

1ኛ፤ ስለ ገበሬው ጥበብ። በኢሳይያስ ምዕራፍ 28 ከቊጥር 23 እስከ 29 ያለውን አንብብ። ነቢዩ እንደሚናገረው፥ ገበሬ ጥቁር አዝሙድና ከሙን፥ ስንዴና ገብስም በየስፍራቸው ይዘራል። በመከር ጊዜ ግን ሁሉን በአንድ መንገድ አይወቃም። በዚያ አገር ስንዴ የሚወቃው ከበታቹ ስለታም ድንጋይ በተሰካበት እንጨት ወይም በሠረገላ መንኰራኵር ነበር። ጥቁር አዝሙድና ከሙን ግን በበትር ይመታሉ እንጂ መንኰራኵር አይሄድባቸውም። ምክንያቱም ዘራቸው ደቃቅ ነው፤ መዓዛቸውም ያለው በዘሩ ውስጥ በተሰወረው ዘይት ነውና፥ ከባድ ነገር ቢጫናቸው ይደቅቃሉ። ለእንጀራ የሚሆነው እህል እንኳ ያለ ማቋረጥ አይወቃም። ይህ ጥበብ ከእግዚአብሔር ነው ይላል ነቢዩ።

አባት ወይም አስተማሪ የሆንህ ሆይ፤ ይህን ልብ በል። አንዱን የሚያቀናው ብርቱ ተግሣጽ ሌላውን ይሰብረዋል። ገበሬ የዘሩን ጠባይ የሚያውቅ ከሆነ፥ አንተ የልጅህን ጠባይ ሳታውቅ እንዴት ትቈጣለህ?

2ኛ፤ ስለ አይሁድ ቤት። ሚሽና የተባለው የሊቃውንት ሕግ መጽሐፍ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ በረቢ ይሁዳ እጅ ተሰበሰበ። በዚያ እንደ ተጻፈ፥ ሕፃን በተገረዘ ጊዜ በቍስሉ ላይ ከሙን ይደረግለት ነበር። የመገረዙ ቀን ሰንበት ቢሆን፥ ከሙኑም በዋዜማው ሳይወቀጥ ቢቀር፥ በጥርስ አኝከው ያደርጉለት ዘንድ ተፈቀደ። እንግዲህ ሰንበትን አላቃለሉም፤ ሕፃኑንም ያለ መድኃኒት አልተዉትም።

3ኛ፤ ስለ አሥራት። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 አሥራት ይወጣባቸው ዘንድ የታዘዘው እህልና ወይን ዘይትም ናቸው። በኋላ ሊቃውንቱ ከምድር የሚበቅለውንና ሰው ጠብቆ የሚያሳድገውን መብል ሁሉ ጨመሩ። አሥራቱ መውጣቱ ስለሚያጠራጥረው ሰብል በሚናገረው በሚሽና ክፍል የበለስ ጥፍጥፍ፥ ተምር፥ የካሮብ ፍሬ፥ ሩዝና ከሙን በአንድነት ተቈጥረዋል። የገዛ ሰው ከተጠራጠረ እርሱ ራሱ ያወጣ ነበር። ይህን ያህል ይጠነቀቁ ነበር!

ጌታችን በማቴዎስ ምዕራፍ 23 ቊጥር 23 የወቀሰው ይህን መጠንቀቅ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚያ ስፍራ አዝሙድ፥ እንስላልና ከሙን ተጽፈዋል፤ በግሪኩ ፊተኛው ናና ነው። የወቀሳቸው የእነዚህን አሥራት እያወጡ ፍርድን፥ ምሕረትንና ታማኝነትን ስለ ተዉ ነው። ያንን ልታደርጉ ይገባ ነበር፥ ይህንም ሳትተዉ አላቸው እንጂ፥ አሥራቱን ተዉ አላላቸውም። ስለዚህ በትንሽ ነገር የሚጠነቀቀውን ሰው አትሳቅበት፤ የጐደለውን ግን ጠይቅ።

አሁን አንድ ነጋዴ እናስብ። ሚዛኑ የቀና ነው፤ ስእለቱን ለበዓል ያገባል፤ በሳንቲም እንኳ አይሳሳትም። አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ ከሙኑን በሰፌድ ስታነፍስና ጠጠሩን ስትለቅም ውላ፥ ሲመሽ ዋጋዋን ብትጠይቀው፥ ነገ ተመለሽ ይላታል። ልጆችዋ ግን የሚበሉት ዛሬ ማታ ነው። የሠራተኛ ዋጋ እስኪነጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቊጥር 13 ታዝዟል። የነጋዴው ከሙን ጠጠር የለበትም፤ ልቡ ግን ገና አልተለቀመም።

ተማሪ ሆይ፤ አንተም ራስህን መርምር። ትምህርትህን አሳምረህ ትጽፋለህ፥ ጸሎትህንም አታስታጕልም። ነገር ግን ባልንጀራህ ባልሠራው በደል ሲከሰስ እውነቱን እያወቅህ ዝም ብለህ እንደ ሆነ፥ ከሙኑን አሥረህ ፍርድን ትተሃል።

ቀራንዮ የሚለው ስም የራስ ቅል ማለት ከሆነው ከግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ጌታችን የተሰቀለበት ስፍራ ስም ነው። በዚያ ሠፈር የምትኖር ሆይ፤ ቤትህ የት ነው ሲሉህ በየቀኑ ይህን ስም ትጠራለህ። ስሙን የምትጠራውን ያህል ምሕረትንም አድርግ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሳትተኛ እነዚህን ሦስት ነገሮች ራስህን ጠይቅ። በማን ላይ ከአቅሙ በላይ ከበድሁ? ስለ ማን እውነት ከመናገር ዝም አልሁ? የማን ዋጋ በእጄ ቀርቷል? የቀረ ካለ፥ ሳይነጋ ተነሥና ስጥ።