የክረምት ልምምድ በደንቆሮ ጫካ

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ዓመት ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት። የተፈጥሮ ጥበቃን ሙያው ሊያደርግ ለሚሻ ተማሪ ግን የክረምቱ ዕረፍት ራሱ ትምህርት ቤት ይሆነዋል።

ለምሳሌ ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ የሚገኘውን የደንቆሮን ጫካ እንውሰድ። በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። ጭላዳው በዚያ አለ፤ በዓለም ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም እንዲሁ።

ተለማማጁስ ምን ይሠራል? አንደኛ፥ ጉም ሲገለጥ እንስሳቱን ይቈጥራል። ሁለተኛ፥ ከደኑና ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደውን ጎርፍ ቀለም ያስተያያል፤ ደን አፈር መያዙን ከመጽሐፍ ይልቅ ይኸ ያስረዳዋል። ሦስተኛ፥ ከእረኞች ጋር ይውላል፤ ቀበሮውን የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከሰፈር ውሻ ይተላለፋልና። ውሻው ካልተከተበ ዘበኛ ቢበዛ ከንቱ ነው።

እንግዲህ ደኑን ከገበሬው ለይቶ አድናለሁ የሚል ተማሪ ሁለቱንም ያጣል።