የበግ አርቢው ስጦታ

ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ብዙ ነው፤ ያገኘውን ገንዘብ ለምን እንደሚያውለው የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ባለጠጋ በሞተ ጊዜ ቤቱና ከብቱ ለወራሾቹ ይከፋፈላል፤ ጥቂት ዘመን ካለፈም በኋላ ስሙን የሚያነሣ አይገኝም። ለሌላው ሰው ጥቅም በጥበብ የሰጠ ግን ከሞተ በኋላ እንኳ ሥራው አይቋረጥም። በዚህ ትምህርት የምናነበው በበግ ርባታ በልጽጎ፥ ኋላም ሀብቱን ለትምህርት የሰጠውን የፍራንሲስ ኦርመንድን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኦርመንድ በ1829 ዓ. ም. በስኮትላንድ አገር፥ በአበርዲን ከተማ ተወለደ። አባቱ የመርከብ አዛዥ ነበረ። በ1842 ዓ. ም. አባቱ ቤተ ሰቡን በመርከቡ አሳፍሮ ወደ አውስትራልያ ወሰዳቸው። አውስትራልያ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ የምትገኝ እጅግ ሰፊ አገር ናት። በዚያ ዘመን መርከብ የሚሄደው ነፋስ ሸራውን ሲገፋው ስለ ነበረ መንገዱ ብዙ ወራት ይፈጅ ነበር። የደረሱባት የሜልበርን ከተማም በ1835 ዓ. ም. የተቈረቈረች፥ ገና ትንሽ ከተማ ነበረች።

ፍራንሲስ ገና በወጣትነቱ የበግ ርባታን ሥራ ተማረ። ከዚያም በኋላ ቪክቶሪያ በሚባለው ክፍለ አገር፥ በስኪፕተን አጠገብ፥ ቦሪያሎክ የተባለ ሰፊ የግጦሽ ስፍራ ያዘ። በዚያ አገር የሚረባው በግ ሜሪኖ ይባላል። የሜሪኖ በግ ጠጉር ቀጭንና ለስላሳ ነው። በጎቹ በዓመት አንድ ጊዜ ይሸለታሉ፤ ጠጉሩም ተጠቅጥቆና ታስሮ በበሬ ሠረገላ ወደ ባሕር ወደብ ይወሰድ ነበር። ከወደቡም በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ይሄድና በፋብሪካ ተፈትሎ ልብስ ይሆን ነበር።

ይህ ሥራ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በጎቹን እከክ ያጠቃቸው ነበር፤ ዲንጎ የተባለውም የዱር ውሻ ይነጥቃቸው ነበር። በየካቲት ወር 1851 ዓ. ም. ደግሞ በቪክቶሪያ ታላቅ የዱር እሳት ተነሣ። በአንድ ቀን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚገመት በግ በእሳቱ አለቀ ተብሎ ተጽፎአል። በዚያው ዓመት ከስኪፕተን ብዙም በማይርቅ በባላራት ወርቅ ተገኘ፤ እረኞችም በጎቻቸውን ትተው ወርቅ ለመቈፈር ሮጡ። ነገር ግን ወርቅ ቈፋሪዎቹ ሥጋ መብላት ነበረባቸውና የበግ ዋጋ እጅግ ከፍ አለ። ስለዚህ ሥራቸውን ሳይተዉ የታገሡ በግ አርቢዎች በለጸጉ፤ ኦርመንድም ከነዚህ አንዱ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸሸግ አይገባንም። ያ የግጦሽ አገር ሰው የሌለበት ምድር አልነበረም። ከጥንት ጀምሮ የኖሩበት የአገሩ ተወላጆች ነበሩ፤ በግ አርቢዎቹ በመጡ ጊዜ ግን ርስታቸውን ተቀምተው ተሰደዱ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። የበግ አርቢዎቹ ሀብት የበቀለው በዚህ ምድር ላይ ነው። እንግዲህ ሀብቱ ሁሉ የእጄ ድካም ብቻ ነው ብሎ ሊመካ የሚችል ባለጠጋ አልነበረም። ለሌላው መስጠትም የሌላውን በደል አይሰርዝም።

ኦርመንድ ከበለጸገ በኋላ ልቡን ወደ ትምህርት አዘነበለ። በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ተማሪዎች የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ማደሪያ ኮሌጅ ስታሠራ ብዙ ገንዘብ ሰጠ። ይህ ኮሌጅ በ1881 ዓ. ም. ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም ኦርመንድ ኮሌጅ ይባላል።

ነገር ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው ጥቂት ነው። ድንጋይ የሚጠርበው፥ እንጨት የሚያለዝበው፥ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ወዴት ይማር? ቀን ይሠራል፤ ቀን ካልሠራ እንጀራ አያገኝም። የሜልበርን ድንጋይ ጠራቢዎችና ግንበኞች በ1856 ዓ. ም. ታግለው፥ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ አስፈቅደው ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ ጊዜ ነበራቸው፤ በዚያ ጊዜ የሚማሩበት በቂ ትምህርት ቤት ግን አልነበራቸውም።

በ1881 ዓ. ም. ኦርመንድ ለሠራተኞች ኮሌጅ ማሠሪያ 5,000 ፓውንድ እሰጣለሁ አለ። ነገር ግን አንድ ውል ጨመረ፤ ይኸውም ሕዝቡ ደግሞ ሌላ 5,000 ፓውንድ እንዲያዋጣ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ምናልባት ከእናንተ አንዱ፦ «ይህ ሰው ባለጠጋ ከሆነ ስለ ምን ሁሉን ራሱ አልከፈለም? ድኾቹን ስለ ምን አዋጡ አለ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ እስቲ በሒሳብ እንመልከተው። በዚያ ዘመን አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ነበረ፤ ስለዚህ 5,000 ፓውንድ 100,000 ሽልንግ ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ይክፈለው ቢባል ከባለጠጋ በቀር ማንም አይችለውም። 100,000 ሰዎች ግን እያንዳንዳቸው አንድ ሽልንግ ቢሰጡ ይሞላል። አባቶቻችን፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህን ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ባለጠጋ ብቻውን ያሠራው ቤት የባለጠጋው ቤት ይባላል፤ የሚገባበትም ሰው እንደ ለማኝ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። አናጢው ሽልንግ ያዋጣበት ቤት ግን የአናጢው ቤት ነው፤ ቀና ብሎ ይገባበታል፤ ቢፈርስ ያድሰዋል፤ ልጁንም ይሰድድበታል። ስለዚህ ለሰጪው ብቻ ሳይሆን ለተቀባዩም ክብር የሚያስብ ስጦታ ይበልጣል።

የሠራተኞች ማኅበራት ጉባኤም ነገሩን በደስታ ተቀብሎ ከአባሎቹና ከሕዝቡ ገንዘብ ይሰበስብ ጀመር። መንግሥት ደግሞ ቦታ ሰጠ። ሥራው ግን በአንድ ጊዜ አልተፈጸመም፤ ስድስት ዓመት ፈጀ። ኦርመንድም ታገሠ፤ ሠራተኞቹም ታገሡ። በሰኔ ወር 1887 ዓ. ም. የሠራተኞች ኮሌጅ ተከፈተ፤ በመክፈቻውም ምሽት 320 ሰዎች ለመማር ተመዘገቡ። ቀን መዶሻ የያዘ እጅ ማታ እርሳስ ይዞ ሥዕለ ንድፍንና ሒሳብን ይማር ጀመር።

በዚያው በ1887 ዓ. ም. ኦርመንድ በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት እንዲሰጥ 20,000 ፓውንድ ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1889 ዓ. ም.፥ ወደ አውሮፓ ሄዶ ሳለ በፈረንሳይ አገር በፖ ከተማ ሞተ። በ1897 ዓ. ም. በኮሌጁ ፊት ሐውልት ቆመለት።

ኮሌጁ ግን ከሐውልቱ ይልቅ ያስታውሰዋል። እያደገ ሄዶ በ1992 ዓ. ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬም በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎች ይማሩበታል። የኮሌጁ መሪ ቃል «የሠለጠነ እጅ፥ የለማ አእምሮ» የሚል ነው። የኦርመንድ በጎች ሁሉ ከብዙ ዘመን በፊት አልቀዋል፤ ከጠጉራቸው የተሠራውም ልብስ አርጅቶ ተቀድዶአል። ከዚያ ሀብት ሳያልቅ የቀረው ለትምህርት የተሰጠው ነው።

እናንተም ደግሞ ስጦታ የባለጠጋ ሥራ ብቻ ነው አትበሉ። የኮሌጁን ግማሽ ዋጋ ያዋጡት ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሰዎች ናቸው። ሽልንጋቸው ትንሽ ናት ብለው ቢያስቀሯት ኖሮ የኦርመንድ 5,000 ፓውንድ ብቻውን ኮሌጁን ባልከፈተም ነበር። ብዙ ያለው ብዙ ይስጥ፤ ጥቂት ያለውም ጥቂቱን አይናቅ። ማንበብ የሚያውቅ ማንበብ ለማያውቅ ታናሽ ወንድሙ አንዲት ፊደል ቢያሳይ፥ ይህም ስጦታ ነው።

ጥያቄ
1. ኦርመንድ የት ተወለደ? ወደ አውስትራልያስ በማን መርከብ ሄደ?
2. ወርቅ በተገኘ ጊዜ የበግ ዋጋ ስለ ምን ከፍ አለ?
3. ከበግ አርቢዎቹ በፊት በዚያ ምድር ላይ እነማን ይኖሩ ነበር? ምን ደረሰባቸው?
4. ኦርመንድ 5,000 ፓውንድ ሲሰጥ የጨመረው ውል ምን ነበር? ጥቅሙስ ምንድር ነው?
5. አንተ ዛሬ ለጓደኛህ፥ አንቺም ለጓደኛሽ፥ ያለ ገንዘብ ልትሰጡት የምትችሉት ነገር ምንድር ነው?