የአባት መሬትና ባሕር ማዶ ያለው ወራሽ



በዚህ እትም የምናጠናው ጉዳይ በየቤቱ በዝግታ ተጀምሮ በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚያበቃ ነው። በምሳሌ እናቅርበው። በደራ ወረዳ በአንበሳሜ አካባቢ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ያርፋሉ እንበል። ወንድ ልጃቸው ካገር ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ኑሮውንም በአሜሪካ መሥርቷል። ሴት ልጃቸው ግን አባቷን በእርጅናቸው ስትጦር ቆይታ፣ ዛሬ ማሳውን በእኩል እያሳረሰች ልጆቿን ታሳድጋለች። ከአርባው በኋላ ወንድም ይደውልና «እኅት ዓለም፣ ድርሻዬን አሽጠሽ ላኪልኝ» ይላታል። ውክልናው ከኤምባሲ ይመጣል፤ ገዢም አይጠፋም፤ ሽማግሌ ተጠርቶ ወረቀት ይጻፋል።

ይህን ወንድም ክፉ ሰው አድርገን ልናየው አይገባም። ለአባቱ መድኃኒት፣ ለቤቱም ቆርቆሮ ሲልክ የኖረ ሊሆን ይችላል። የሚጠይቀው መብቴ ነው ብሎ ያመነበትን ነው። ሆኖም «ድርሻዬ» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ መመርመር ይኖርብናል።

በቀድሞው ዘመን በበጌምድርና በጎጃም የርስት ሥርዓት ከአንድ የጥንት አባት የሚወለድ ሁሉ በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን ቆጥሮ ከርስቱ ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ርቆ የሄደ ሰው እንኳ ቈጠራውን ይዞ ሲመለስ የሚሰማው አያጣም። በባሕር ማዶ ወገኖቻችን አሳብ ውስጥ ያለው ይህ ጥንታዊ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 31፣ መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ መሸጥን፣ መለወጥንና በመያዣ መስጠትን ከለከለ፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተደለደለ። ስለዚህ ዛሬ «የአያቴ መሬት» የሚባለው ማሳ አያት ያላረሱት፣ በድልድል ለአባት የደረሰ ሊሆን ይችላል። (አረጋውያኑ ግን አሁንም ርስት ይሉታል፤ ቃሉ ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አለው።)

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት መሆኑን ደንግጓል። ከዚያ በኋላ የወጡት የገጠር መሬት ሕጎች፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324 ጨምሮ፣ ይህን መሠረት አልለወጡም። እንግዲህ አባት ለልጃቸው የሚያወርሱት በመሬቱ የመጠቀም መብትን እንጂ አፈሩን አይደለም። ይህም መብት ከእርሻ ኑሮ ጋር የተሳሰረ ነው። የአማራ ክልል በ1998 ዓ.ም. ያወጣውና በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 252 የተተካው አዋጅ ቁጥር 133፣ ወራሹ በግብርና የሚተዳደር ወይም ሊተዳደር የሚፈልግ ሰው እንዲሆን ይጠይቅ ነበር፤ ከእርሻ ውጭ በሆነ ሥራ መተዳደርንም የይዞታ መብትን ከሚያሳጡ ምክንያቶች አንዱ አድርጎት ነበር። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ብዙ መብት ቢያስገኝም ባሕር ማዶ የሚኖረውን ሰው የአንበሳሜ ገበሬ አያደርገውም።

ሽያጩ ግን በሌላ ስም ይመጣል። አንዳንዱ «ስጦታ» ብሎ ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ የረጅም ዘመን ኪራይ ያደርገዋል፤ ሌላው ወለድ አገድ ይለዋል፤ ይኸውም አበዳሪው በወለዱ ፈንታ ማሳውን እያረሰ የሚጠቀምበት ነው። እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው ትክክለኛ መልክ ሊኖራቸው ይችላል፤ ሽያጭን ለመሸፈን ሲውሉ ግን በፍርድ ፊት ሽያጭ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዓላማው ሕገ ወጥ የሆነ ውል እንደማይጸና፣ ውል ሲፈርስም ተዋዋዮቹ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው እንዲመለሱ ይደነግጋል። ኤምባሲ ያረጋገጠው ውክልናም ቢሆን የሚመሰክረው ለፊርማው እንጂ ለሽያጩ ሕጋዊነት አይደለም። ወካዩ ራሱ ሊያደርገው የማይችለውን ተወካዩ ሊያደርግለት አይችልም።

ውሉ ሲፈርስ ማን እንደሚጎዳ እናስተውል። ገዢው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው፤ በሬውን ሸጦ የከፈለ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡን ቢጠይቅ ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ደርሶ አልቋል። በወኪልነት የፈረመችው እኅት ናት፤ በመንደሩም የምትገኘው እርስዋ ብቻ ስለ ሆነች የመጥሪያው ወረቀት ለእርስዋ ይደርሳል። ክርክሩ ሲጓተት ደግሞ ልጆቿን የምታሳድግበት እህል በሌላ ሰው ጎተራ ይከተታል።

አንዳንድ ወገኖች በዚህ ጊዜ ናቡቴን ይጠቅሱልናል፤ የአባቶቹን ርስት ሊነጠቅ አይገባም ይላሉ። ታሪኩን (1 ነገ 21) በሚገባ እንየው። ንጉሥ አክዓብ ለወይኑ ቦታ ገንዘብ ወይም የተሻለ ምትክ ሊሰጠው ቢያቀርብም ናቡቴ አልሸጥም ያለ ሰው ነው፤ የሞተውም ስለዚህ ነው። በምሳሌያችን ናቡቴን የምትመስለው በማሳው ዳር የምትኖረው እኅት ናት እንጂ ሽያጭ የሚጠይቀው ወንድም አይደለም።

ታዲያ ወንድም ባዶ እጁን ይቅር ወይ? አይደለም። ያው አንቀጽ 40 ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረትና ላደረገው መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው፣ ይህንም ሊሸጥ፣ ሊያወርስ ወይም ሊያነሣ እንደሚችል ይናገራል። ቆርቆሮ ቤቱ፣ በማሳው ዳር የቆመው ባሕር ዛፍ፣ ከብቱና በጎተራ ያለው እህል በገንዘብ የሚተመኑ ውርሶች ናቸው፤ በአገራችን ባሕር ዛፍ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያወጣ የደብረ ታቦርን መንገድ የሚመላለስ ሁሉ ያውቃል። ወንድም የላከው ገንዘብ፣ እኅት ያፈሰሰችውም የጉልበት ድካም በሽማግሌ ፊት ይቈጠር። በእኛ አስተያየት ለአዛውንት መጦር የዋለ ዕድሜ ከተላከ ገንዘብ ባነሰ ዋጋ ሊተመን አይገባም፤ ሽማግሎች ግን ይህን ሲዘነጉ አይተናል።

ከሁሉም የሚቀለው ግን አባት በሕይወት ሳሉ ነገሩን መቋጨት ነው። ማሳው ለማን እንዲያልፍ እንደሚፈልጉ ሁለቱም ልጆች እየሰሙ፣ አንዱ በስልክ ቢሆንም፣ ይናገሩ፤ ኑዛዜውም በሕጉ ሥርዓት በጽሑፍ ይሁን። ይህ ሳይደረግ አባት ካረፉ፣ እኅት ደብተሩ በሟች ስም እንዳለ ዓመታት ማሳለፍ የለባትም። የአባቷን የይዞታ ደብተርና የወራሽነት ማስረጃዋን ይዛ ወደ ወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ትሂድ፤ ስሟም በደብተሩ ላይ ይግባ።