ሒሳብንና ፍልስፍናን በአንድነት ስለ መማር

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያ የሚጠየቀው፥ ‹‹የትኛውን የትምህርት ክፍል ትመርጣለህ?›› ተብሎ ነው። አንዱ ቁጥር ይወዳል፤ ሌላው ምርምር ይወዳል። ሁለቱንም የሚወድ ተማሪ ግን ይጨነቃል፤ አንዱን ቢይዝ ሌላውን የሚያጣ ይመስለዋልና። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ትምህርቶች ከጥንት ጀምሮ ጎረቤታሞች ናቸው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የነበረው ሥርዓት ተማሪው ወደ ትምህርተ መለኮት ከመግባቱ በፊት የቁጥርን፥ የጂኦሜትሪን፥ የዜማንና የከዋክብትን ትምህርት ከፍልስፍና ጋር እንዲማር ያደርግ ነበር። ዛሬም በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሒሳብና ፍልስፍና አንድ የትምህርት ክፍል ሆነው ይሰጣሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው፥ ሁለቱ በአንድነት ሲጠኑ ለተማሪው የሚሰጡት ጥቅምና ከተማሪው የሚጠይቁት ዋጋ ነው።

፩. ሦስት ዓይነት ዕውቀት

ነገሩ ከባሕረ ሐሳብ በሚገኝ ምሳሌ ይገለጻል። የዓመቱ ወንበር በጥንተ አበቅቴ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው አበቅቴ ይባላል። ያው ወንበር በጥንተ መጥቅዕ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው ደግሞ መጥቅዕ ይባላል። ለምሳሌ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ዓመተ ምሕረት ከ5500 ጋር ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ በ19 ሲከፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚያ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132 ሆኖ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። 12 በ19 ሲባዛ 228 ሆኖ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። ይህም በዚህ ዓመት ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ከ30 አይበልጡም፥ አያንሱምም። ይህን ሥርዓት ይዞ በትክክል የሚያሰላ ሰው የመጀመሪያውን ዕውቀት አግኝቷል፤ እርሱም የሥርዓት ዕውቀት ነው።

የሒሳብ ተማሪ ግን፥ ‹‹ድምሩ ስለ ምን ሁልጊዜ 30 ይሆናል? ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ዓመት 29 ወይም 31 ሊሆን አይችልምን?›› ብሎ ይጠይቃል። ማረጋገጫው እንዲህ ነው። 11ና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ፥ ወንበሩን በ11ም በ19ም አባዝቶ ሁለቱን መደመር ወንበሩን በ30 እንደ ማባዛት ነው። ይህም በ30 ሲገደፍ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ትርፎች ሲደመሩ በ30 እኩል የሚከፈል ቁጥር መሆን አለባቸው። እያንዳንዱ ትርፍ ከ30 ያነሰ በመሆኑ ድምሩ 60 ሊደርስ አይችልም። ወንበሩ ከ1 እስከ 18 ሲሆን ደግሞ፥ 11ም ሆነ 19 ከ30 ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፥ ከትርፎቹ አንዱም ባዶ አይሆንም። እንግዲህ ከ30 በቀር ሌላ ድምር አይገኝም። ወንበር አልቦ ሲሆን ግን አበቅቴው አልቦ ይሆናል፥ ሊቃውንቱም መጥቅዑን 30 ይሉታል። ይህ ሁለተኛው ዕውቀት የምክንያት ዕውቀት ነው። የመጀመሪያው ‹‹እንዲህ አድርግ›› ይላል፤ ሁለተኛው ‹‹ሌላ ሊሆን አይችልም›› ይላል።

የፍልስፍና ተማሪ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ‹‹30 ቀን አለ፥ 30 ብርም አለ፤ ቀንም ብርም ያልሆነው 30 ራሱ ግን ምንድን ነው? አእምሮ የፈጠረው ነውን፥ ወይስ አእምሮ ያገኘው? ገና ያልመጡትን ዓመታት ማንም ሳያይ ‹ሁልጊዜ› ለማለት የሚያስችለው ምንድን ነው?›› ይላል። ይህ ሦስተኛው የመሠረት ጥያቄ ነው። ሒሳብን ብቻ የተማረ ሰው ይህን ጥያቄ አልፎት ሊሄድ ይችላል። ፍልስፍናን ብቻ የተማረ ሰው ደግሞ የማረጋገጫን ጥብቅነት ሳይቀምስ ስለ ማረጋገጫ ብዙ ሊናገር ይችላል።

፪. የፍሬገ ፈተና

ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመሠረቱን ጥያቄ አጥብቀው ከያዙት ሰዎች አንዱ በጀርመን አገር በየና ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር የነበረው ጎትሎብ ፍሬገ (1848–1925) ነው። በ1884 ባወጣው መጽሐፍ ቁጥር ምን እንደ ሆነ መረመረ፤ የቁጥር ትምህርት በሎጂክ ሕግ ላይ ብቻ የቆመ ነው የሚለውንም ሐሳብ አቀረበ። ይህንኑ በጥብቅ ማረጋገጫ ለማሳየት ሌላ ታላቅ መጽሐፍ ጀምሮ የመጀመሪያውን ክፍል በ1893 አሳተመ። በ1902 ሁለተኛው ክፍል በማተሚያ ቤት ሳለ ከእንግሊዝ አገር አንድ ደብዳቤ ደረሰው።

የደብዳቤው ጸሐፊ በርትራንድ ራስል ሁለቱን ትምህርቶች በካምብሪጅ የተማረ ሰው ነበረ። በ1893 የሒሳብን ፈተና ጨረሰ፤ ነገር ግን የሒሳብ አስተማሪዎቹ የፈተና ብልሃት እንጂ የነገሩን መሠረት ስላላሳዩት አዝኖ መጻሕፍቱን ሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት የፍልስፍናን ፈተና ፈጸመ። ከዚያም ወደ ተወው ሒሳብ በፍልስፍና ጥያቄ ተመለሰ። ሰኔ 16 ቀን 1902 ለፍሬገ የጻፈው ደብዳቤ የዚህ መመለስ ፍሬ ነው።

በደብዳቤው የነበረው ጥያቄ በምሳሌ ቢነገር እንዲህ ይሆናል። በአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ብዙ መዛግብት ይኑሩ። አንዳንዱ መዝገብ የራሱን ስም በውስጡ ይጽፋል፤ አንዳንዱም አይጽፍም። መጋቢው የራሳቸውን ስም የማይጽፉትን መዛግብት ሁሉ፥ እነርሱንም ብቻ፥ የሚዘረዝር አዲስ መዝገብ እንዲዘጋጅ ቢያዝ፥ አዲሱ መዝገብ የራሱን ስም ይጻፍን? ቢጽፍ፥ ከሚጽፉት ወገን ስለሚሆን መጻፍ አልነበረበትም። ባይጽፍ፥ ከማይጽፉት ወገን ስለሚሆን መጻፍ ነበረበት። በዕቃ ቤት ቢሆን፥ ‹‹እንዲህ ያለ መዝገብ ሊኖር አይችልም›› ተብሎ ነገሩ ያበቃል። የፍሬገ መሠረታዊ ሕግ ግን ለማናቸውም የተገለጸ ባሕርይ ያ ባሕርይ ያላቸው ነገሮች ስብስብ አለ የሚያሰኝ ነበርና፥ ነገሩ በዚያ ሊያበቃ አልቻለም። አንድ ጥያቄ የብዙ ዓመታትን ድካም ከመሠረቱ አናጋው።

ፍሬገ ደብዳቤውን አልደበቀም፥ ጸሐፊውንም አልዘለፈም። በሰኔ 22 ቀን መልስ ሰጠ፤ ጥያቄው መሠረቱን እንደ ነካ አመነ። በ1903 በወጣው ሁለተኛ ክፍል መጨረሻም ችግሩን ለአንባቢ ሁሉ ገልጦ ጻፈ። ለማስተካከል ያቀረበው ሐሳብም አልጸናም። ራስል ከ60 ዓመት በኋላ በ1962 ይህን አስታውሶ፥ ስለ እውነት መሰጠት ሲነገር ከፍሬገ ሥራ ጋር የሚወዳደር እንደማያውቅ መሰከረ። ሒሳብንና ፍልስፍናን በአንድነት የሚያጠና ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚማረው ይህን ነው፤ ስሕተቱ በግልጽ ሲታይ ከራስ ክብር ይልቅ እውነትን መያዝ።

፫. ከፍሬገ በኋላ

የተናጋው መሠረት እንደ ተናጋ አልቀረም። ኤርንስት ዘርሜሎ በ1908 ስብስቦች የሚመሩባቸውን ሕጎች አወጣ። በእነዚህ ሕጎች ባሕርይን መግለጽ ብቻውን ስብስብን አያስገኝም፤ አስቀድሞ ካለ ስብስብ ውስጥ ግን ያ ባሕርይ ያላቸውን መለየት ይቻላል። አብርሃም ፍሬንከል በ1922 እነዚህን ሕጎች አሻሻለ። ዛሬም አብዛኛው የሒሳብ ትምህርት የሚቆምባቸው ሕጎች በሁለቱ ስም ይጠራሉ። ፍሬንከል በ1933 በኢየሩሳሌም በሚገኘው በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በቋሚነት ማስተማር ጀመረ፤ ከ1938 እስከ 1940 የዩኒቨርሲቲው ሬክቶር ነበረ። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የሆነው ፈላስፋው ይሆሹዓ ባር ሂለል በ1958 ከመምህሩ ጋር ስለ ስብስቦች ትምህርት መሠረት አንድ መጽሐፍ አወጣ። ስለዚህ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የመጣ መንገደኛ ከአሮጌው ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የስኮፐስን ተራራ ሲመለከት፥ ዩኒቨርሲቲው በ1925 በዚያ እንደ ተከፈተ፥ ይህም ምርምር በዚያ እንደ ተጠና ሊያስታውስ ይችላል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ኩርት ጌዴል ነው። በ1924 ፊዚክስ ሊማር ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን የፉርትቬንግለርን የቁጥር ትምህርትና የጎምፐርስን የፍልስፍና ታሪክ እየሰማ ወደ ሒሳብና ወደ ሎጂክ አዘነበለ። በ1931 ባሳተመው ጽሑፍ፥ የቁጥርን ትምህርት ለመያዝ የሚበቃ፥ ሕጎቹ ተለይተው የታወቁና እርስ በርሱ የማይጣረስ ሥርዓት ሁሉ፥ ሊያረጋግጠውም ሊያፈርሰውም የማይችለው የቁጥር ነገር እንዳለው አሳየ።

በዚህ ላይ ተማሪ ሊጠነቀቅ ይገባል። የጌዴልን ስም ሰምተው፥ ‹‹እንግዲህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነገር የለም›› የሚሉ አሉ። ሌሎችም፥ ‹‹ሒሳብ ካልተሟላ እምነት ተረጋገጠ›› ይላሉ። ሁለቱም ከተባለው በላይ መናገር ነው። የተረጋገጠው እንደ ተረጋገጠ ይኖራል፤ የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ዛሬም 30 ነው። እምነትም ከማይመለከተው ማረጋገጫ ድጋፍ መበደር አያስፈልገውም። ሰባኪ ያልተረዳውን የሒሳብ ነገር ለምስክርነት ቢጠራ፥ ነገሩን የሚያውቅ አንድ አድማጭ ስብከቱን ሁሉ እንዲጠራጠር ያደርጋል።

፬. የጥናቱ ሥርዓትና ዋጋው

በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብንና ፍልስፍናን በአንድነት መማር 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ዘመን ተማሪው ንጹሕ ሒሳብን፥ ሎጂክንና ጠቅላላ ፍልስፍናን ይጀምራል፤ ከፍ ሲል የስብስቦችን ትምህርትና የሒሳብን ፍልስፍና መምረጥ ይችላል። ሁለቱ ትምህርቶች የሚሠሩት በተለያየ መንገድ ነው። ለሒሳብ ተማሪው መልመጃ ይሠራል፤ ማረጋገጫው ይቆማል ወይም ይወድቃል። ለፍልስፍና ሐተታ ይጽፋል፤ የሚቃወመውን ሰው ሐሳብ አስቀድሞ በቅንነት ካላቀረበ የራሱ ሐሳብ አይደመጥለትም።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። የሁለት ቤት ተማሪ በሁለቱም ቤት እንግዳ ሊሆን ይችላል። በሒሳብ ቤት ጓደኞቹ ብዙ መልመጃ ሲሠሩ እርሱ መጽሐፍ ያነባል፤ በፍልስፍና ቤት ጓደኞቹ ብዙ ሲያነቡ እርሱ መልመጃ ይሠራል። ስለዚህ በየቀኑ ለእያንዳንዱ የተለየ ሰዓት ሊመድብ፥ አንዱ ሲከብደው ወደ ሌላው እንዳይሸሽ ራሱን ሊጠብቅ ይገባል። ማረጋገጫ ሲያቅተው፥ ‹‹ነገሩ የፍልስፍና ነው›› ማለት ስንፍና ነው፤ ጥያቄ ሲያስቸግረውም፥ ‹‹በቁጥር ካልተነገረ አይረባም›› ማለት ትዕቢት ነው። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ሥራው እንዲመረመርና እንዲተች ፈቃደኛ ካልሆነ ባይጀምረው ይሻለዋል፤ ፈቃደኛ ከሆነ ግን የሚያውቀውንና የሚመስለውን ለይቶ መናገርን ይማራል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2019 ዓመተ ምሕረት ወንበር፥ አበቅቴና መጥቅዕ ስንት ናቸው?

2. በ11ና በ19 ፈንታ 12ና 18 ቢሆኑ ኖሮ እነርሱም ተደምረው 30 ናቸው። ወንበሩ 5 ሲሆን ምን ይደርሳል? ከላይ የተሰጠው ማረጋገጫ በየትኛው ቃል ላይ ይወድቃል?

3. ‹‹ቁጥር አእምሮ የፈጠረው ነው›› የሚለውን ሐሳብ በአንድ ገጽ ደግፉ፤ በሌላ ገጽ ደግሞ በእኩል ትጋት ተቃወሙ።