ሟሚ፣ አሟሚ፣ ሙሙት

ከባሕር ዳር ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ በክረምት ወራት ብትቆሙ፣ ውሃው አፈር ተሸክሞ ደፍርሶ ሲወርድ ታያላችሁ። ከዚሁ ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ ብታስቀምጡት አብዛኛው አፈር ከሥር ይዘቅጣል። በሌላ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጨው ጨምራችሁ ብታማስሉ ግን ጨው ከዓይን ይሰወራል፤ ውሎ ቢያድርም አይዘቅጥም። አፈሩ ከውሃው ጋር ተደባለቀ እንጂ አልሟሟም፤ ጨው ግን ሟሟ።

የሚሟሟው ነገር «ሟሚ»፣ የሚያሟሟው «አሟሚ»፣ ከሁለቱ ውሕደት የሚገኘው «ሙሙት» ይባላል። በምሳሌያችን ጨው ሟሚ፣ ውሃ አሟሚ ነው። ሟሚ ሁልጊዜ ጠጣር አይደለም፤ የጣና ዓሦች የሚተነፍሱት በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው።

ሦስቱም ስሞች «ሟሟ» ከሚለው ግሥ ይመሠረታሉ። «ሟሟ» ኢተሻጋሪ ግሥ ነው፤ «አ» የተባለው ባዕድ መነሻ ሲጨመርበት «አሟሟ» የሚል ተሻጋሪ ግሥ ይሆናል። «ደረቀ»ንና «አደረቀ»ን አነጻጽሩ።

በዕለት ንግግር «ስኳሩ ቀለጠ» ይባላል። ነገር ግን ቅቤ የሚቀልጠው በሙቀት ነው፤ አሟሚ አያሻውም። ስኳር በሻይ ውስጥ ይሟሟል እንጂ አይቀልጥም። በሳይንስ ነክ ጽሑፍ ሁለቱን ግሦች ለዩ።

ቃላትንና መጠንን ለይቶ መጻፍ ሕይወት ያድናል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠውን ሕይወት አድን ሙሙት ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው የዓለም የጤና ድርጅት ቀመር መሠረት፣ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይሟሟሉ። አሟሚው ውሃ ቢያንስ ጨው በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳል፤ ከልክ በላይ ቢበዛ የሙሙቱ ጥቅም ይቀንሳል። ስለዚህ «በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት» የሚል መመሪያ ጎዶሎ ነው። የተሟላ መመሪያ ሟሚውን፣ አሟሚውንና የሁለቱን መጠን ይናገራል።

መልመጃ

ሀ. «ቀለጠ» ወይም «ሟሟ» በሚለው ግሥ አሟሉ።
1. ሻማው በነበልባሉ ሙቀት ______።
2. ጨው በወጡ ውስጥ ______።

ለ. «ፈላ»፣ «ጠፋ» እና «ገባ» የሚሉትን ግሦች በባዕድ መነሻ «አ» አማካይነት ተሻጋሪ እንዲሆኑ አድርጋችሁ በዓረፍተ ነገር ግቡ።

ሐ. የአንድ እሽግ ሕይወት አድን ቅመም አበጣጠርን ለአንዲት እናት የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ። የውሃውን መጠንና ንጽሕና መግለጽ አትርሱ።