የደመወዝ ግብር እና የቤተሰብ ማዕድ
ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት



ባለፈው ዓመት በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በልደታ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት የደመወዝ መግለጫቸውን ይዘው ወደ ቁምስናው ጽሕፈት ቤት መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል፤ ሦስት ልጆችን ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ወርኃዊ ደመወዛቸው 12,000 ብር ነው። «አባ» አሉኝ፤ «ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት ናቸው፤ ገና ልጅ አልወለዱም። እያንዳንዳቸው 6,000 ብር ያገኛሉ። የእነርሱም ቤት ገቢ 12,000 ነው፤ የእኔም ቤት ገቢ 12,000 ነው። ከእኔ ላይ የሚቆረጠው ግብር ግን ከሁለቱ ላይ ተደምሮ ከሚቆረጠው ይበልጣል። አሠሪዬ በድሎኝ ይሆን?»

ወረቀቱን ተቀብዬ አብረን አሰላን። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ አሠሪያቸው ከሕጉ ውጪ አንድ ሳንቲም አልቆረጠም። ለእኚህ እናት የሚሰጠው መልስ ለብዙዎቻችን የሚጠቅም ስለሆነ የዚህን ጊዜ ጥናታችንን በዚሁ ጉዳይ ላይ ለማድረግ ወደድን።

1. ሕጉ ማንን ይቆጥራል?

«ግብር» የሚለው ቃል በግእዝ «ሥራ» ማለት ነው። በአማርኛችን ደግሞ ሰው ከሥራው ፍሬ ለጋራ ጥቅም የሚያዋጣውን ድርሻ ለመግለጽ እንጠቀምበታለን። በአገራችን የገቢ ግብር በዘመናዊ ሕግ ከተደነገገ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ከሚታወቁት ሕጎች አንዱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173/1953 ነው። እርሱን አዋጅ ቁጥር 286/1994 ተካው፤ ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 979/2008 ወጣ፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል።

ሕጉ ገቢን በምንጩ ይለያል። ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ ከቤት ኪራይ የሚገኝ በሠንጠረዥ «ለ»፣ ከንግድ ሥራ የሚገኝ በሠንጠረዥ «ሐ» ይታያል፤ ሌሎች ልዩ ልዩ ገቢዎች ደግሞ በሠንጠረዥ «መ» ይካተታሉ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ዋና ነጥብ አለ። በሠንጠረዥ «ሀ» ሕጉ የሚመለከተው ደመወዝ የሚቀበለውን አንድ ግለሰብ ነው። ባለትዳር ይሁን ያላገባ፣ አንድ ልጅ ይኑረው ስድስት፣ አረጋዊ ወላጅ ይጡር አይጡር አይጠይቅም። የባልና የሚስት ደመወዝ አንድ ላይ ተደምሮ አይታይም፤ ለልጅም ተብሎ ከግብር የሚቀነስ ነገር የለም። የእናታችን ጥያቄ ሥር ይህ ነው።

2. ግብሩ እንዴት ይሰላል?

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወርኃዊ ደመወዝ ማስከፈያ ልክ የሚከተለው ነው፤

እስከ 2,000 ብር፤ ግብር የለበትም
ከ2,001 እስከ 4,000 ብር፤ 15 በመቶ
ከ4,001 እስከ 7,000 ብር፤ 20 በመቶ
ከ7,001 እስከ 10,000 ብር፤ 25 በመቶ
ከ10,001 እስከ 14,000 ብር፤ 30 በመቶ
ከ14,000 ብር በላይ፤ 35 በመቶ

ከግብር ነፃ የሆነው መነሻ በ1994ቱ አዋጅ 150 ብር፣ በ2008ቱ አዋጅ 600 ብር ነበር። የኑሮ ውድነት እየጨመረ ደመወዝም በቁጥር ከፍ ሲል፣ መነሻው ግን ለዓመታት ባለበት ሲቆይ፣ ሠራተኛው ኑሮው ሳይሻሻል ወደ ከፍተኛው መቶኛ ይገፋል። የ2017ቱ ማሻሻያ ይህን ጫና በከፊል አቅልሏል። ለምሳሌ 6,000 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ በ2008ቱ ሕግ 935 ብር ይከፍል ነበር፤ አሁን 700 ብር ይከፍላል።

700 ብር እንዴት ተገኘ? ደመወዙ በደረጃ ይከፈላል። የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ብር በ15 በመቶ 300 ብር ይሆናል። የቀረው 2,000 ብር በ20 በመቶ 400 ብር ይሆናል። ድምሩ 700 ብር ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በሠራተኞች ዘንድ የተለመደ አንድ ስሕተት አለ። «ደመወዜ ትንሽ ቢጨመር ወደ ላይኛው መቶኛ ገብቼ እጄ ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል» የሚሉ አሉ። እንዲህ አይደለም። ከፍ ያለው መቶኛ የሚነካው ከደረጃው በላይ ያለውን ብር ብቻ ነው። ደመወዙ ከ10,000 ወደ 10,500 ብር ያደገለት ሰው ግብሩ ከ1,650 ወደ 1,800 ብር ይወጣል፤ ስለዚህ ከጭማሪው 500 ብር ላይ የሚከፍለው ግብር 150 ብር ነው። በዚህ ፍርሃት ዕድገትን የሚሸሽ ሠራተኛ ራሱን ይጎዳል።

በጡረታ ዐቅድ የተሸፈነ ሠራተኛ ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፤ የግል ድርጅት አሠሪ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርለታል። የገቢ ግብሩ የሚሰላው ግን የሠራተኛው መዋጮ ከመነሣቱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያና ጉርሻም ከደመወዙ ጋር ተደምረው ግብር ይሰላባቸዋል። እንደ መጓጓዣ አበል ያሉ አንዳንድ ክፍያዎች ግን ሕጉ በወሰነው መጠን ከግብር ነፃ ይሆናሉ። ስለዚህ በደመወዝ መግለጫው ላይ እያንዳንዱ ክፍያ በየስሙ ተለይቶ መጻፉ ትልቅ ጥቅም አለው።

3. ሁለቱ ቤቶች

አሁን ወደ ሁለቱ ጎረቤታሞች እንመለስ። ባልና ሚስቱ እያንዳንዳቸው 700 ብር ስለሚከፍሉ ከቤታቸው የሚወጣው ግብር 1,400 ብር ነው። የእናታችን ደመወዝ ሲሰላ፤ የመጀመሪያው 2,000 ነፃ፣ ቀጣዩ 2,000 ብር 300፣ ቀጣዩ 3,000 ብር 600፣ ቀጣዩ 3,000 ብር 750፣ የመጨረሻው 2,000 ብር 600፤ በድምሩ 2,250 ብር ይሆናል። የሁለቱ ቤቶች ልዩነት በወር 850 ብር፣ በዓመት 10,200 ብር ነው። ከነፃው መነሻ ባልና ሚስቱ ሁለት ጊዜ ተጠቅመዋል፤ እናታችን ግን አንድ ጊዜ ብቻ። አራት ሰው የሚመገብበት ማዕድ ሁለት ሰው ከሚመገብበት የበለጠ ግብር ከፈለ ማለት ነው።

ሁሉም አገር በዚህ መንገድ አይሄድም። በፈረንሳይ ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤተሰቡ ገቢ አንድ ላይ ተደምሮ በቤተሰቡ ስፋት በድርሻ ይከፈላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች እያንዳንዳቸው እንደ ግማሽ ድርሻ ይቆጠራሉ፤ ከዚህም የሚገኘው ጥቅም ጣሪያ አለው። በሌላ በኩል እያንዳንዱን ሰው በየራሱ የሚያስከፍለው ሥርዓት ለአፈጻጸም ቀላል ነው፤ አሠሪው የሠራተኛውን የቤት ጉዳይ ሳይመረምር ሒሳቡን ይጨርሳል። ሁለተኛዋ ሠራተኛ፣ ብዙውን ጊዜ ሚስት፣ በባሏ ደመወዝ ምክንያት ከፍ ያለ መቶኛ እንዳትከፍልም ይጠብቃታል። እንግዲህ የአገራችን ሕግ የራሱ ምክንያት አለው፤ ሆኖም ሸክሙ በአንድ ደመወዝ ብዙ ነፍስ በሚያሳድሩት ላይ እንደሚከብድ መካድ አይቻልም።

ቅድስት መንበር በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቤተሰብ መብቶች ቻርተር፣ ቤተሰብ በክብር ለመኖር የሚበቃ ገቢ ሊያገኝ እንደሚገባው ያስተምራል፤ ይህም በደመወዝ ወይም እንደ ቤተሰብ ድጎማ ባሉ ሌሎች መንገዶች ሊሟላ እንደሚችል ያመለክታል። ስለዚህ ዜጋ በሕጋዊ መንገድ «የቤተሰብ ሸክምም ይታይልን» ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብ ነውር የለበትም። ለእናታችንም ያልኋቸው ይህንኑ ነው፤ «አሠሪዎ አልበደለዎትም፤ ጥያቄዎ ግን ከንቱ አይደለም።»

4. ሸክሙን በሐሰት ማቅለል

ሸክም ሲከብድ አቋራጭ መንገድ ይታያል። በከተማችን ከሚሰሙት አንዱ በሁለት መዝገብ መክፈል ነው። ሠራተኛው 8,000 ብር ይቀበላል፤ የሚፈርመው ግን በ4,000 ብር ነው። አሠሪው «ለአንተም ይሻልሃል» ይለዋል። በእርግጥ የ4,000 ብር ግብር 300 ብር፣ የ8,000 ብር ግብር 1,150 ብር ነውና በየወሩ 850 ብር በእጁ የቀረ ይመስለዋል።

የጠፋውን ግን እንቁጠር። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣለት 11 በመቶ ከ880 ብር ወደ 440 ብር ይወርዳል። የጡረታ አበል የሚታሰበው ሠራተኛው ከመሰናበቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ በግማሽ ደመወዝ የፈረመ ሰው በእርጅናው የሚቀበለው አበል በዚያው መጠን ያንሳል። ከሥራ ሲሰናበት የሚታሰብለት ክፍያም ሆነ ከሞተ በኋላ ለሚስቱና ለልጆቹ የሚተርፈው አበል በተጻፈው ቁጥር እንጂ በእውነተኛው አይደለም። ዛሬ ከግብር የተሸሸገው ገንዘብ ነገ ከልጆች አፍ ይነጠቃል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2240 ግብር መክፈልን ለጋራ ጥቅም ካለብን ኃላፊነት ጋር ያያይዘዋል። በቁጥር 2409 ደግሞ ግብር ማጭበርበርን ሰባተኛውን ትእዛዝ ከሚጥሱ ተግባራት ጋር ይቆጥረዋል፤ በዚያው ቁጥር ውስጥ ለሠራተኛ ኢፍትሐዊ ደመወዝ መክፈልም ተጠቅሷል። ስለዚህ ትምህርቱ ሠራተኛውንም አሠሪውንም ይመለከታል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮችም አሠሪዎች ናቸው፤ ከሠራተኛው የቆረጡትን ግብር ለመንግሥት ማድረስ ግዴታቸው ነው። የተቆረጠ ግብር የሌላ ሰው አደራ ነው፤ ለሌላ ወጪ ሊውል አይገባም።

ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ኪራይም ይታሰብ። በልደታም ሆነ በሌሎች የከተማችን ክፍሎች የኮንዶሚኒየም ቤታቸውን ወይም በግቢያቸው ያለ አንድ ክፍል የሚያከራዩ ምእመናን አሉ። «ግብሬን መሥሪያ ቤቴ ይቆርጥልኛል» ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ አሠሪ የሚቆርጠው የደመወዙን ብቻ ነው። የኪራይ ገቢ ለብቻው በዓመት ይሰላል፤ አከራዩም ራሱ ቀርቦ ማስታወቅ አለበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ ኪራይ በቃል ብቻ የሚፈጸምበት ጊዜ አልፏል።

5. ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አንደኛ፤ የደመወዝ መግለጫን ማንበብ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጠቅላላውን ክፍያ፣ የተቀነሰውን ነገር ዓይነትና መጠን፣ የተጣራውንም ክፍያ የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝና ሠራተኛው ሲጠይቅ እንዲያስረዳ ያዛል። ሠራተኛው ሳይቃወም በመዝገቡ ላይ መፈረሙ መብቱን እንደ መተው አይቆጠርም። ስለዚህ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሁለተኛ፤ ስሌቱን ራስን ችሎ ማረጋገጥ። አጭሩ መንገድ ደመወዙን በደረጃው መቶኛ አባዝቶ የተወሰነውን መጠን መቀነስ ነው። የሚቀነሰው መጠን ለ15 በመቶ 300፣ ለ20 በመቶ 500፣ ለ25 በመቶ 850፣ ለ30 በመቶ 1,350፣ ለ35 በመቶ 2,050 ብር ነው።

ሦስተኛ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን፣ የደመወዝ መግለጫዎችንና የኪራይ ውልን በአንድ ማኅደር ማስቀመጥ። ባል ሲያርፍ ሚስት ወረቀቱ የት እንዳለ ሳታውቅ የምትንከራተትበትን ሁኔታ በቁምስናችን አይተናል።

አራተኛ፤ በወር አንድ ቀን ባልና ሚስት፣ ከፍ ያሉ ልጆችም ካሉ እነርሱ ጭምር፣ በተጣራው ገቢ ላይ አብረው መምከር። ሕጉ እያንዳንዱን ደመወዝተኛ ለየብቻ ይቆጥራል፤ ማዕዱን በሙሉ የሚቆጥረው ቤተሰቡ ራሱ ነው። ባል የሚስቱን፣ ሚስትም የባሏን ደመወዝ በማያውቁበት ቤት ይህ ቆጠራ ሊደረግ አይችልም።

እኚያ እናት ከዚያ ቀን ወዲህ ሒሳቡን ለሥራ ባልደረቦቻቸው ማስረዳት ጀምረዋል። የሚቆረጠው አልቀነሰላቸውም። ነገር ግን በአሠሪያቸው ላይ የነበራቸው ጥርጣሬ ተወግዷል፤ በጎረቤቶቻቸውም ላይ ቅሬታ የለባቸውም። ቁምስናው ደግሞ የልጆቻቸውን የትምህርት መሣሪያ ወጪ በከፊል ለመሸፈን ወስኗል፤ ሕጉ ያላየውን ማዕድ ጎረቤትና ቁምስና ሊያዩት ይገባልና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ወርኃዊ ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ስንት ብር ግብር ይከፍላል? በደረጃም በአጭሩም መንገድ አስሉ። (መልስ፤ 1,400 ብር)
2. በሁለት መዝገብ መክፈል ማንን ይጎዳል? ሠራተኛውን፣ ቤተሰቡንና ኅብረተሰቡን በየተራ እያነሣችሁ ተወያዩ።
3. ግብር በግለሰብ ወይስ በቤተሰብ ቢታሰብ ይሻላል ትላላችሁ? የሁለቱንም ጥቅምና ጉዳት አመዛዝኑ።
4. በአካባቢያችሁ በአንድ ደመወዝ ብዙ ሰው የሚያሳድሩ ቤተሰቦችን ቁምስናችሁ በምን ሊያግዛቸው ይችላል?